የጥቁር ምንጭ ቀንድ አውጣ

አዲስ ቅዳም፣ ጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዓለምነው ኪዳኑ፣ ቪየና።

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ብርዱስ አጥንትህ ድረስ አልገባም? እኔ አክስትህ ከጉልበቴ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጉልበቴም ቢሆን ዳገት ስወጣ እንጂ ሰው ስሰድብ አያመኝም። እመቤቴ በሄድክበት ጥላ ትሁንህ፣ በሰው አገር ሰው አታሳጣህ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክማ ቁም ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርኩ ነው አክስቴ፣ አይሰማም» ትለኛለህ። ደጄ ላይ ሱቅ ያላት ሀሊሜ ግን በዚያው ስልክ ጅዳ ካለች እህቷ ጋር ስለ ሽንኩርት ስታወራ ትውላለች። ለእሷ ሲሆን ኔትወርክ አለ፣ ለእኔ ሲሆን ይጠፋል። ደብዳቤ ደግሞ አይቋረጥም፤ ነጋዴው ሰላሁዲን ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲወርድ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ጉዳዬ ስለ ጥቁር ምንጭ ነው። የእኔና የአባትህ ድርሻ የሆነችውን ያቺን ገደል ታውቃታለህ። ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ዲከረንስ የሚሉትን ቶሎ የሚያድግ የከሰል ዛፍ ተክሎ፣ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል አክስሎ፣ በቦታው ጤፍ ዘርቶ፣ መልሶ ተክሏል። የኛ ብቻ ብሳናና ኮሶው እንደተኮሳተረ ቆሟል። ዛፉ ሸብቷል፣ መሬቱ የበሰበሰ ቅጠል ተከምሮበት እግር ያሰጥማል። ሰው «የዝንጀሮ ርስት» እያለ ይስቅብናል። በእኔና በአባትህ ስም ስለሆነ ያለ አንተ ፈቃድ አንድ ቅርንጫፍ መቁረጥ አልችልም። እባክህ ከኤምባሲ ውክልና አውጥተህ ላክልኝ።

እንደማትጨክንብኝ አውቃለሁ። አምና ለአባትህ ሙት ዓመት መጥተህ ስትመለስ ከጥቁር ምንጭ በፌስታል አፈር ዘግነህ ስትሄድ አይቼሃለሁ። ያየሁህ አልመሰለህም። እድርተኛው በተሰበሰበበት «የኪዳኑ ልጅ የአባቱን አፈር ይዞ ሄደ» ብዬ ተናግሬ ሴቱን ሁሉ አስለቅሻለሁ። አንጀቴን ነው ያራስከው። አፈሩን እንዲህ የወደደ ልጅ መሬቱ ፆሙን ሲያድር ዝም አይልም።

አክስትህ ዘውድነሽ


ቪየና፣ መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዘውድነሽ፣ አዲስ ቅዳም።

ጤናዎ እንዲበረታ፣ ቤትዎ በሰላም እንዲውል ከልብ እመኛለሁ። እኔ በመልካም ጤንነት እገኛለሁ።

በቅድሚያ አንድ ስህተት እንዳርም ይፍቀዱልኝ። አፈሩን የወሰድኩት ለአባቴ መታሰቢያ አይደለም፤ ለጥናቴ ነው። እዚህ እንደደረስኩ በወንፊት ነፋሁት፣ አጠብኩት፣ የምፈልገውን ለቅሜ የቀረውን ደፋሁት። ለእድርተኛው የነገሩትን ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል፤ ባልሠራሁት ነገር መመስገን አልወድም።

የለቀምኩት ቀንድ አውጣ ነው። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትተልቅ፣ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ማንም ስም ያላወጣላት የቀንድ አውጣ ዝርያ ናት። የያዝኳቸው ሁሉ የሞቱ ናቸው። ከዘንገና ሐይቅ ዳርቻ የወሰድኩት አፈር ውስጥ የለችም። ከእንጅባራ ቀርከሃ ሥር በወሰድኩት ውስጥም የለችም። እስካሁን የተገኘችው ጥቁር ምንጭ ብቻ ነው። በሕይወት ያለች አግኝተን ካላጠናናት ሥራዬ ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ገደሉ ከተመነጠረ ደግሞ ከምድር ላይ ትጠፋለች። ስለዚህ ውክልናውን አልልክም።

በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ የምትኖርን ፍጥረት ለከሰል ጆንያ መለወጥ ምን እንደሚባል አላውቅም። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። በዕድሜዎ ሁሉ ዛፍ ሲያዩ ከሰል ብቻ እንዲታይዎ ያደረገው ኑሮው እንደሆነ ይገባኛል።

ዓለምነው


አዲስ ቅዳም፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለቀንድ አውጣው ሊቅ ለዓለምነው።

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ምርቃቱን እዚህ ላይ ላቁመው፤ ንዴቴ ከበረደ መጨረሻ ላይ እቀጥለዋለሁ።

የወንድሜን አፈር በወንፊት ነፍተህ፣ እንደ ድስት አጥበህ፣ በፈረንጅ ቱቦ ደፋኸው! ኧረ ወየው! እኔ ደግሞ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በእድሩ ፊት ያለቀስኩት እንባ! «አስተካክሉት» ትለኛለህ? ምን ብዬ ላስተካክል? «እናንት ሰዎች፣ ተሳስቼ ነው፤ ልጁ የወሰደው የአባቱን አፈር ሳይሆን ትል ነው» ልበል? ለሀሊሜ ብቻ ነገርኳት፤ ሱቋን ዘግታ ነው የሳቀችው።

ዶክተር ሊሆን ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ጉልበቱን ሊያሳይህ ነበር የሚጠብቀው። ሰው የሰው ዶክተር ይሆናል። እሱ ቢያቅተው የከብት ይሆናል፣ ከብትም ያማታል። የኛው ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ብርድ ጠጥቶ፣ ከጤፍ ፍሬ ለማትተልቅ ቀንድ አውጣ ዶክተር ሊሆን! ያውም ለሞተች!

ዛፍ ሳይ ከሰል ይታየኛል አልክ። አዎ ይታየኛል። በብርድ ከምትንቀጠቀጥ አራስ ቤት ግባና የከሰሉን እሳት አጥፋ፣ ቀንድ አውጣም ስጣት፤ ምን እንደምትልህ እንሰማለን። አንተስ ልጅ ሆነህ ኩፍኝ የያዘህ ጊዜ በማን ከሰል ሞቀህ ተነሳህ? እኔን «ይገባኛል» አትበለኝ። ምንም አልገባህም።

ደግሞ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ የማላውቀውን እጠይቃለሁ። እስቲ ንገረኝ። ምን ትበላለች? የት ትተኛለች? በጋ ላይ ምን ይውጣታል? ለምንስ ሌላ ቦታ ጠልታ ጥቁር ምንጭን ብቻ መረጠች? በዚያ ገደል ልጅ ሆኜ እንጨት ስለቅም አድጌ አንድ ቀን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። አኗኗሯን በወግ ብታስረዳኝ ምናልባት ላዝንላት እችል ነበር። ሰው የማያውቀውን እንዴት ይጠብቃል?

ንዴቴ አልበረደም። ምርቃቱ ይቆይህ።

ዘውድነሽ


ቪየና፣ ነሐሴ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዘውድነሽ።

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ክረምቱ እንዳልከበደዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ሥራ በዝቶብኝ መልሱን አዘገየሁት።

ስለ አኗኗሯ ጠይቀውኛል። ለእርስዎ ማስረዳት ረጅም ነው። ብዙ ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፣ በደብዳቤ የሚያልቁም አይደሉም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛፎቹን አይንኩ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከፕሮፌሰሬ ከሔልጋ ጋር እመጣለሁ። በዚህ ሙያ ስሟ የተከበረ ሰው ናት። እንጅባራ ሆቴል ስለምናርፍ ለማረፊያችን አይጨነቁ። እባክዎ በእሷ ፊት እንዳያሳፍሩኝ።

ዓለምነው


አዲስ ቅዳም፣ መስከረም 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዓለምነው።

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ፣ ዓመቱን የጥጋብ ያድርግልህ። እንደምታየው ምርቃቴን መልሼልሃለሁ። ይህ ደብዳቤ ከአንተ ቀድሞ መድረሱን እንጃ፤ ሰላሁዲን ጉዞውን አራዝሞብኛል።

«እንዳያሳፍሩኝ» አልከኝ። ይኼን ቃል እንጀራዬ ላይ እንደ አሸዋ ስቆረጥመው ነው የከረምኩት። የዘውድነሽ ቤት በእንግዳ አፍሮ አያውቅም! ሆቴል እናርፋለን ማለትህንም ሰምቻለሁ፤ ሆድ ይፍጀው።

ዛፍ አትንኩ አልክ፤ አንድ ቅጠል ከቅርንጫፉ አልበጠስኩም። ሥሩ ግን አሳፋሪ ነበር። አባትህ ከሞተ ወዲህ ማንም ያልጠረገው ቅጠል፣ የበሰበሰ ግንድ፣ ሻጋታ ነው። ትልቅ ሰው በዚያ ላይ ላስኬድ ነው? ደቦ ጠራሁ። ጠላ ጠምቄ፣ ንፍሮ ቀቅዬ፣ ሴቱን በሙሉ መጥረጊያ አስይዤ አወረድኩት። ልክ እንደ ጠንቋይ ደጃፍ ጭር ብሎ የነበረው መሬት አሁን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነጥቷል። በምንጩ ዙሪያ ያለውን ድንጋይ ኖራ ቀባነው። እንግዳዋን እንዳያዳልጣት መውረጃውን ደልድለን አመድ በተንበታል።

ቅጠሉም ከንቱ አልቀረም። አበረ፣ ከሰል የሚያከስልልኝ ልጅ፣ የእንጨቱን ክምር አፈር ከማልበሱ በፊት የሚሸፍንበት ቅጠል ጠፍቶት ነበር። በጆንያ በጆንያ አድርገን ወሰድንለት። እንዲህ ያለ እርጥብ ሽፋን አይቶ አያውቅም፤ እሳቱን አፍኖ ቀስ አድርጎ ነው ያበሰለለት።

በአንዷ ብቻ ተናድጃለሁ፣ በምህረቴ። ከምንጩ በላይ ከቋጥኙ ጀርባ ያለውን ጥግ ስጧት «ሳማ ይለበልበኛል» ብላ ሳትጠርግ ተመለሰች። እንዲህ ያለች ሰነፍ ተወልዳም አታውቅ። ከላይ ስለሆነ እንግዳዋ አታየውም ብዬ ተውኩት።

ና እንግዲህ። አስተዋውቀኝ፣ አልሳደብም።

አክስትህ


ቪየና፣ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዘውድነሽ።

መስከረም የጻፉት ደብዳቤ ተመልሼ ስመጣ በሬ ሥር ወድቆ አገኘሁት። መጀመሪያውን አንብቤ ተውኩት፤ ያየሁት ይበቃኛል።

ቅጠሉ ቤቷ ነበር። የሚበሰብሰው ቅጠል ምግቧ ነው፣ እርጥበቱ ሕይወቷ ነው፣ እንቁላሏን የምትጥለውም እዚያው ውስጥ ነው። ዛፉ የሚያስፈልገው ቅጠል ስለሚያረግፍላት ነው እንጂ እሷ ዛፍ ላይ አትኖርም። ኖራና አመድ ደግሞ በእሷ ላይ እሳት ማለት ነው። እዚያው እንደሰማሁት የቀሩትንም በከሰል እሳት አብስለዋቸዋል። ሦስት ዓመት የደከምኩበትን ሥራ በአንድ ቀን ደቦ ጠርገው ጨረሱት።

ሔልጋን ይዤ ያንን የነጣ መሬት ሳይ የተሰማኝን ልገልጽልዎ አልችልም። እርስዎ ደግሞ መቀነትዎን አስረው፣ አዲስ ሻሽ አስረው፣ እልል ሊያስብሉ ሴቶች ሰብስበው ቆመዋል! ሔልጋ እንፈልግ አለችኝ፤ እኔ ግን ለመፈለግ ልብ አልነበረኝም። ወጥቼ በመጣንበት ባጃጅ ውስጥ ተቀመጥኩ። ምሳውን ሳልበላ በመሄዴ እንደተቀየሙ ሰምቻለሁ። እንዴት ሊወርድልኝ ይችል ነበር?

መቼም ዕውቀት ከሌለው ሰው ጋር መጣላት ትርፍ የለውም። ጥፋቱ በእርስዎ እጅ ቦታውን መተዌ ነው።

የጠየቁትን ውክልና ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ በኤምባሲ ማህተም ተደርጎበታል። ይቁረጡት፣ ያክስሉት፣ ጤፍ ይዝሩበት። ከእንግዲህ እዚያ የምጠብቀው ነገር የለኝም።

ዓለምነው


አዲስ ቅዳም፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዓለምነው ኪዳኑ።

ሰላም ለአንተ ይሁን። ቁጣ ጉበት ያሳርራል ይላሉ ሐኪሞች፤ እመቤቴ ጉበትህን ትጠብቅልህ። እኔ ጉልበቴን ጨምሮ ደህና ነኝ።

ውክልናህ ደርሶኛል። ማህተሙ ያምራል። ሀሊሜ በመብራት አይታ «ትክክለኛ ነው» ብላለች።

ስለ ደቦው መልስ ልስጥህ። ቤቷን አፈረስኩ፤ እውነት ነው፣ አልክድም። ስሰማ አንድ ሌሊት አልተኛሁም፣ ይኼንንም ስታውቅ ደስ ይበልህ። ግን ቤቷ ቅጠሉ መሆኑን ለመናገር ስንት መስመር ፈጀብህ? አሁን ስትሰድበኝ በሁለት መስመር ጨረስከው እኮ! ሚያዝያ ላይ ምን ትበላለች ብዬ ስለምንህ ይኼው ሁለት መስመር ምን ነክቶት ነበር? ለስድብ ሲሆን አጠረ፣ ለእውቀት ሲሆን ረዘመ? አንተ የናቅኸኝ መስሎህ ነበር፤ የናቅኸው ግን የራስህን ቀንድ አውጣ ነው።

አንተ ባጃጅ ውስጥ አኩርፈህ ሳለህ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሔልጋ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች፣ አመዱ ላይ። አማርኛ አታውቅም፣ እኔም የእሷን አላውቅም። ከኪሷ ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ከእነዚያ ከሞቱት አንዷን መዳፌ ላይ ጣለችልኝ፤ አጉሊ መነጽሯን ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። እንደ ሹሩባ የተጠመዘዘች፣ ቡኒ፣ ንጹሕ ዛጎል! ከዚያ ደረቅ ቅጠል አነሳች፣ ወደ አፏ አስጠጋችና የምትበላ መሰለች። እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ቅጠሉ ላይ የምትተኛ መሰለች። ገባኝ። ባጃጁ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ ነው የፈጀው። ስትነሳ መነጽሯን አልቀበልም አለች፤ ጣቶቼን ዘግታ ጨበጠችልኝ። አንተን በሩቅ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ወክለኸኝ አይደል? አበረን ከነመጋዙ ይዤው ወረድኩ። ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ከላይ ሆኜ ስዞር፣ ሳይጠረግ የቀረ አንድ ጥግ ላይ እግሬ ገባ። ቅጠሉ እንደ ድሮው ያሰጥማል። በጋ ነው፣ ሌላው ሁሉ ደርቋል፣ እዚያ ግን ውኃው ያንጠባጥባል። በምርኩዜ ቅጠሉን ገለበጥኩ። የተገረመ ሰው ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ ብቻ ተንበረከክሁ፣ ጉልበቴም ዝም አለ። መነጽሩን አወጣሁ።

አሉ። በሕይወት አሉ። አንዷ ጠቆር ባለ ቅጠል ላይ ትጎተት ነበር። ቀንዷን አወጣች፣ ወደ እኔ አቅንታ አየችኝ፣ ናቀችኝና ተመልሳ ገባች። ያኔ የኛ ዘር መሆኗን አወቅሁ፤ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው!

አበረ «እትዬ፣ ምን አገኙ? ወርቅ ነው?» ብሎ ሊጠጋኝ ሲል «እግርህን ሰብስብ! መጋዙንም ይዘህ ሂድ!» አልኩት። እብድ ናት ብሎ ሄደ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ እብድ ናት ይለኛል። ከዚያ ገደል ቅጠል የጠረገ ሰው መጥረጊያውን አፉ ውስጥ እሰብርለታለሁ ብያለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም። የነጣው መሬት ላይ አዲስ የረገፈው ቅጠል መከማቸት ጀምሯል፤ ኖራውን እኔው ራሴ በእጄ ፍቄዋለሁ፣ አመዱንም በቁና አስወጥቻለሁ። ምህረቴን ጠርቼ ስለ ስንፍናዋ የሰደብኳትን ይቅርታ ጠየቅኋት። ለምን እንደሆነ አልገባትም፣ ግን ደስ ብሏት ሄደች።

ውክልናው በሳጥኔ ውስጥ ነው። ስሜ አለበት፣ ማህተሙ አለበት፣ መቁረጥም መተውም የእኔ ነው። ዛፉ ቆሟል፣ ይቆማል። እሷም እስካለሁ ድረስ የእኔ ናት፤ አንተ «የምጠብቀው የለኝም» ብለህ በፊርማህ ትተሃታል።

አሁን ይህን እያነበብክ ወንበርህን ገፍተህ ስትነሳ፣ ትኬት ስትቆርጥ ይታየኛል። ብትመጣ በሬ ክፍት ነው፤ ግን ሆቴል የለም፣ እዚህ ነው የምታድረው፣ ምሳህንም ጨርሰህ ነው የምትነሳው። ከዚያ በፊት ደግሞ የት ጋ ናቸው፣ ምን ያህል ናቸው፣ እንዴት ተረፉ ብለህ በደብዳቤ ትጠይቀኝ ይሆናል። አትድከም ልጄ።

ለአንተ ማስረዳት ረጅም ነው።

አክስትህ ዘውድነሽ